ነጥብ

አባቴ ኢላርዮን የደን ለኪ ነበር፤
ከሮድና ግርጌ ጥድ ሲቆጥር ሲያድር፣
የሚቆረጠውን ቀይ ሲቀባ ሲያሠምር
ዕድሜውን ጨረሰ።
አንድ ቀን ካሜራ ከጎረቤት ተውሶ
አንድ ፎቶ አነሣ፤ አልደገመም መልሶ።

ፒየትሮሱል ተራራ፣ የመስከረም ማለዳ፤
ጫፉ ላይ በረዶ፣ ወገቡ ላይ ጥዱ፣ ከሥር ሰፊ ሜዳ፤
ከሜዳው መሀል ላይ፣ ከትንኝ የምታንስ
አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ በጣት የማትዳሰስ።

«ቆሻሻ ናት» ይል ነበር፣ «ሌንሱ ላይ ያረፈች።»
«እኔ ነኝ» እናቴ፤ ማንኪያዋን አኖረች።
«ድርቆሽ ስሰበስብ። ከአለቱ ላይ ጮኸ፣
‹ዞር በይልኝ!› ብሎ።
ነፋስ ነበር። አልሰማሁም።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚች ነጥብ ተጣሉ፤
ሾርባው እስኪቀዘቅዝ
«ነኝ»፣ «አይደለሽም» ሲሉ።

እኔም አደግሁና ተራራ ሸጣለሁ፤
ለቀን መቁጠሪያ ነው፣ ዓመት እበላለሁ።
አሳታሚው ኮስቲን ሰው አይወድም ከቶ፤
«ሰው ያረጃል» ይላል ሻይ አስቀድቶ፣
«ኮቱ ዘመን አለው፣ ጫማው ያሳብቃል፤
ተራራ ግን እቴ፣
ለአምናም ለዘንድሮም ለከርሞም ይበቃል።»

ስለዚህ ታጋሽ ነኝ።
መንገደኛ እስኪያልፍ፣ በጉ እስኪሻገር፣
ከጭስ ማውጫው በላይ ጭሱ እስኪበተን፣
ዓለም ሰው እስኪያጣ ቁጭ እላለሁ።
ያኔ ነው የማነሣው።

ዘንድሮ ያን ፎቶ በደረቴ ይዤ
ከቦርሻ ወጣሁ በሌሊት ተጉዤ፤
የካሜራውን መቆሚያ፣ ባለ ሦስት እግሩን አዝዬ፣
ጭቃውን፣ ሥሩን፣ ድንጋዩን በመብራት አባብዬ።

ሊነጋጋ ሲል ነው ፓራስኪቫን ያገኘሁ፤
መንሿን ተደግፋ። ፎቶዬን አሳየሁ።
በረዶውን አለፈች፣ ደኑንም አለፈች፣
ጥፍሯን ከታች ወርዳ አጥሩ ላይ አኖረች፦
«ይሄማ የኛ ነው! ጊደሯ የሞተች ዓመት
ወንድሜ ቶዴር ነው ያጠረው። ይቺ ጠማማ እንጨት፣
አየሻት? ዛሬም ጠማማ ናት።»
«ነጥቧስ?» አልኳት። ዓይኗን አጠበበች፤
«መነጽሬ ቤት ነው» አለች።

አለቱን በቀለሙ ነው የለየሁት፤
እንደ ዛፍ ቀብቶታል፣ ቀይ መስመር አለበት።
እሱ ከቆመበት ቆሜ ሳነጻጽር
ተራራው ያው ነው፣ ያ ጥድ ነው የሌለው፤
የቆጠረው ሁሉ ተቆጥሮ ወርዷል።
ጉቶ፣ ጉቶ፣
ከጉቶው መሀል እንጆሪ በቅሎበት ቀልቷል።

ከዚያ ጉም ገነፈለ፣ ተጥዶ እንደተረሳ ወተት።
አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ሁለት። ሦስት ሰዓት።
ጣቴ ደነዘዘ፤ ዳቦዬን ቆረጠምኩ፤
የአባቴን ትዕግሥት ሰደብኩ፣ መልሼ አመሰገንኩ።

ድንገት ተከፈተ!
ጫፉ ነደደ፣ ጥላው እስከ ሜዳው ድረስ ተሰነጠቀ፤
እንዲህ ያለ ብርሃን ሁለት ደቂቃ ነው፣ ቢበዛ፣ ከዘለቀ።
ከሜዳው መሀል ደግሞ፣ ልክ ከመሀሉ፣
ፓራስኪቫ ከነመንሿ።

«ዞር በይልኝ!» አልኩኝ፤
ድምፁ የአባቴ ነው፣ በኔ ጉሮሮ የወጣው።
እጄን አወናጨፍኩ፦ ወደ ግራ! ወዲያ!
ሰላምታ መሰላት፤
መንሿን ከራሷ በላይ ሰቀለችው ለኔ።
ነፋስ ነበር።
ጣቴ ተጫነው።

ኮስቲን ወደደው። «ነጥቧን ብቻ አጥፊያት፤
የሁለት ሴኮንድ ሥራ ነው» አለ።
እውነቱን ነው፤ ሁለት ሴኮንድ ነው።
አላጠፋኋትም። በእሱ ዓመት ጥር ላይ
ሌላ ተራራ ገባ።

ዛሬ ማታ ደግሞ በአጉሊ መነጽር
የድሮዋን ነጥብ ጎንበስ ብዬ ሳየው፣
ከጫፏ ወደ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጭረት አለ።
እጅ ይሁን፣ መንሽ ይሁን፣ የወረቀት እድፍ፣
ጠጋ ባልኩ ቁጥር ይደበዝዛል፤
ራቅ ስል ይመለሳል።

«ሾርባው ቀዘቀዘ» ትላለች እናቴ።